ከሺህ የጎደለች

ሰፈራችን ስም የለውም፤ ዕጣ ሠላሳ ዘጠኝ ነው፤
ለንደን በአንድ ቀን ጀንበር፣ ከሣጥን የወጣ ወረቀት የሰየመው።
ደሴቲቱን እንደ ዳቦ ሲቆርሷት፣
ከቆራሾቹ አንድም አልነበረ አፈሯን የቀመሳት።

“ላም አለኝ በሰማይ” ይላል ወተት ያጣ፤
የእኛይቱ ላም ግን እዚሁ ናት፣ ከደጅ፤
ወተቷ ነው እንጂ ባሕር ተሻግሮ የወጣ።

ውሉን አባቴ ፈረመ፣ የመስቀል ምልክት አድርጎበት፤
ፊደል አይለይም ነበርና ጸሐፊው አነበበለት፦
“ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ዓመት።”
“ምነው ሺህ አልሞላ?” ቢል፣
“አንዷ ለጌታው ትቅርለት!” ብሎ ሳቀበት።

አባቴ ያቺን አንዲት ዓመት እስኪሞት ፈለጋት፤
ከጥድ ጉቶ ሥር፣ ከበረዶ ሥር፣
ለማዳበሪያ ከከመርነው የባሕር አረም ሥር።
ሌሊት ተነሥቶ ጣቱን ሲቆጥር እሰማው ነበር።

አፈሩ ቀይ ነው፤ ከልብስ አይለቅም፣ ከሰውም።
ሬሳውን ሳጥብ፣ ከጥፍሩ ሥር ያለው አልወጣ አለኝ፤ ተውኩት።
ያቺን ቅንጣት መሬት
ኪራይ ሳይከፍል ይዟት ገባ መቃብር።

ጭሰኛ ይሉናል። እውነት ነው፤
ግድግዳው የጌታ፣ ጣራው የጌታ፣ ጭሱ ብቻ የእኛ ነው።
የሸሪፉ ሰው ኮረብታው ላይ ይቆምና
እርሳሱን በምላሱ አርጥቦ
ጭሳችንን ይቆጥራል፦ ይሄ የትሬነር፣ ያ የማክዌድ፣
ያኛው የሦስት ዓመት ውዝፍ ያለበት።

በዐቢይ ጾም እኩሌታ፣ ባሕሩ ገና በረዶ ሳለ፣
ባሏ የሞተባት ሮዝ ማክዌድ ናት ነገሩን ያመጣች፦
“ጭሰኛ ከሆንን ጭሱን እናጥፋው፤ እስቲ ማንን ይቆጥሩ!”
ሳቅን። ቀስ በቀስ ሳቃችን ቆመ።
ያን ሌሊት ከወንዙ እስከ ባሕሩ
ሠላሳ ሰባት ምድጃ ላይ ውሃ ተቸለሰ፤
ልጆች ብርድ ልብስ ሥር እንደ ድንች ተደረደሩ።

ሸሪፉ በጎህ መጣ፣ ሁለት ረዳት አስከትሎ፤
አየ፤ በነጩ ምድር ላይ አንድም ጭስ የለም በቅሎ።
“የት ገቡ?” አለ።
ያን ጊዜ ጥሩንባው ጮኸ፣
ባሌ ፌሊም ከወተት ባልዲ ቆርቆሮ የሠራው፤
ከዚያ የጎረቤት፣ ከዚያ የማዶ፣ ከዚያ የማላውቀው።
ፈረሳቸው ደነበረ። እኔም ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽም።
የድርቆሽ መንሽ ይዤ ነበር፤ ማንንም አልወጋሁም።
ቆምን። ዝም ብለን ቆምን።
መቆም እንዲህ እንደሚያደክም እስከዚያ ቀን አላወቅሁም።

በነሐሴ ወታደር መጣ ከሃሊፋክስ፣ በመርከብ ተጭኖ።
ፌሊምን ከአጨዳው ወሰዱት፣ ማጭዱ እዚያው ቀረ።
ደጄን እንዲጠብቅ የተተወው ልጅ ውሃ ለመነኝ።
“አገርህ የት ነው?” “ሞናሃን” አለ አቀርቅሮ።
“አባትህስ?” “እንደ እናንተው ነበር።
ጣራውን ሲያፈርሱበት እኔ በሩን ይዤ ነበር፣
የያዝኩት በር እስኪቀር።”
ጠጣ። ኩባያውን አለቅልቆ መለሰልኝ።
ሲነጋ የለም፤ ቀይ ካፖርቱ አጥሩ ላይ ተሰቅሎ
ነፋስ ሰው ያደርገዋል፣ መልሶ ባዶ ያደርገዋል።
ቁልፎቹን ፈትቼ ለትንሹ ልጄ ሸሚዝ አዋልኳቸው።

ፌሊም ገና አልተፈታም።
መሬቱም ገና የእኛ አይደለም።
ዛሬ ምድጃዬን አነደድኩ፤ ጭሱ ሲወጣ ከደጅ ቆሜ አየሁት፤
ኮረብታው ላይ የሚቆጥር ሰው አልነበረም።

አባቴ፣ በውሉ ያልተጻፈችው፣
ከሺህ የጎደለችው ያቺ አንዲት ዓመት፣
ምናልባት ይቺ ናት።
እርግጠኛ አይደለሁም። ድንቹን እየነቀልኩ ነው፤
እጄ ቀይ ነው፤
ዛሬ አልታጠብም።